የነፋሱና የዊንቹ ወር

ሰኞ 3

ተመስገን። ካፒቴን ዛሬ ከሆስፒታል ወጣ።

ልጄ በስልክ "እማዬ፣ ስትጨነቂ ጻፊ፤ ለማታውቂው ሰው እንደምታወሪ አድርገሽ ጻፊ" ብላኛለች። አልተጨነቅኩም። ግን ደብተሩን ገዝታ ልካልኛለችና ባዶውን ከሚቀመጥ ልጻፍበት። እንግዲህ የማላውቅህ ሰው፣ ካፒቴን ማለት ባሌ ነው። አንድ ሞተር ባላት ጀልባው ሰውና ዕቃ ወደ ማዶ ያመላልሳል። ስሙ መጀመሪያ የወጣለት ለፌዝ ነበር፤ እሱ ግን እንደ ማዕረግ ተቀበለው፣ እኔም ለመድኩት።

በነፋስ ወራት ጀልባ ውሃ ላይ አታድርም። ማዕበሉ ከድንጋዩ ጋር ሲያላትማት ያድራል። ስለዚህ ማታ ማታ ተሳቢው ላይ ትጫንና በፒክአፓችን ተጎትታ ቤት ትገባለች። የምትጫነው በጉልበት ነው። ካፒቴን ገመዱን ትከሻው ላይ አዙሮ እንደ በሬ ይጎትታታል። ባለፈው ሳምንት እየጎተተ ሳለ ልቡ በቃኝ አለ። የዳርቻው ዘበኛ፣ አባባ የምንላቸው፣ ውሃው ጠርዝ ላይ ወድቆ አገኙት።

ሐኪሙ ሲሸኘን እንዲህ አለው፦ "መራመድ ጥሩ ነው። መንዳት ይቻላል፣ ጀልባም ይቻላል። መጎተት ግን የለም። መግፋት የለም፣ ማንሳት የለም። ከእንግዲህ ገመድ ከያዙ እኔ ጋ አይምጡ፣ አልቀበልዎትም።"

ካፒቴን መኪና ውስጥ ገብቶ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል "ጀልባዋ የት ናት?" የሚል ነው። እኔስ እንደምን ሰነበትሽ አልተባልኩም። አባባ በሰው ኃይል አስጎትተው ዛፍ ሥር አስቀምጠዋታል ብዬ ነገርኩት። ያን ጊዜ ዓይኑን ጨፈነ።

ማክሰኞ 4

ሌሊቱን እየነቃሁ አደርኩ። ትንፋሹን ለመስማት አይደለም። ፍራሹ አልተመቸኝም።

ረቡዕ 5

ቸኩያለሁ። የሁለት ታክሲ የወንበር ልብስ ለነገ መድረስ አለበት። መኪና ወንበር ማልበስ ነው ሥራዬ፤ ይህን ሰኞ ዕለት መጻፍ ረሳሁ።

ገዢ መጣ። የማዶ ነጋዴ ነው። ጀልባዋን ዞሮ አይቷት ነው የመጣው። ካፒቴን ሰውዬውን ቀና ብሎ ሳያየው "ትሸጥ" አለና ወደ ግድግዳው ዞረ። ሰውዬው በወሩ መጨረሻ እወስዳታለሁ ብሎ ሄደ።

ትሸጥ! እንዲህ ተብሎ ነው የሚሸጠው?

ሐሙስ 6፣ ማታ

ካፒቴን ግድግዳውን አገባው፤ ቀኑን ሙሉ ፊቱን ወደ እሱ አዙሮ ነው። ምግብ ሳቀርብለት "አስቀምጪው" ይላል፤ ይቀዘቅዛል፤ አነሳዋለሁ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእኛ ዝምታ ግን ሊነቅዝ ምንም አልቀረው።

እስቲ ነገሩን ልዘርዝረው። ጀልባዋ ከተሸጠች ካፒቴን ምን ይሆናል? ፒጃማ የለበሰ ሰው። ካልተሸጠች ደግሞ አውቀዋለሁ፤ አንድ ቀን ነፋስ ሲበረታ "ለዛሬ ብቻ" ብሎ ገመዱን ይይዛል። ሰው እርዱኝ አይልም፤ ከሚል ሐይቁን ቢጠጣ ይቀለዋል። ሁለቱንም አልፈልግም። በተለይ ሁለተኛውን ማሰብም አልፈልግም፣ ስለዚህ አላሰብኩትም።

ዛሬ ወንበር ላለብሰው የመጣ ፒክአፕ ከፊቱ ዊንች ነበረው። ቁልፍ ሲጫኑት በባትሪ እየዞረ የብረት ገመድ የሚጠቀልል ማሽን ነው። ባለቤቱ ጭቃ ውስጥ ስገባ ራሴን ጎትቶ ያወጣኛል አለ። መርፌዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። ከጭቃ መኪና የሚያወጣ ከውሃ ጀልባ አያወጣም?

ጎረቤቴ የመኪና ኤሌክትሪሻን ነው። ፊውዝ እንለዋለን፣ ቶሎ ስለሚቃጠል። ሮጬ ሄጄ ጠየቅኩት።

"ይሆናል እትዬ፣ ለምን አይሆንም? ተሳቢው ላይ እንተክለዋለን፣ መብራቱን ከፒክአፑ ባትሪ እንስብለታለን። ግን አደራ፣ ይሄ እንደ ሬዲዮ አይደለም። ብዙ ነው የሚጠጣው። ቀጭን ሽቦ ካመጣሽለት ያቃጥልሻል።"

ለካፒቴን ነገርኩት። ከግድግዳው ዞር አለ፤ ቢያንስ ይህን አተረፍኩ።

"ጀልባ በቁልፍ?"

"በቁልፍ።"

"ነገ ደግሞ ሐይቁን በስልክ እንጠራዋለን በይኛ!"

"አታግዘኝ፣ አትከልክለኝ" አልኩት። እንደገና ዞረ።

ቅዳሜ 8

ዊንቹ መጣ። ከአሮጌ መኪና ማፍረሻ ነው ያገኘነው፤ ያገለገለ ነው፣ ግን ፊውዝ ከፍቶ አይቶት "ልቡ ጤነኛ ነው" አለ። ምን አለበት ሌላ ቃል ቢመርጥ።

ተሳቢው ፊት ለፊት ባለው ቋሚ ብረት ላይ በአራት ቡሎን አሰርነው። ገመዱ የሚስብበት መስመር ከጀልባዋ አፍንጫ ቀለበት ጋር ካልተካከለ አፍንጫዋን ወደ ታች ይደፋታል አለ ፊውዝ። እኔ በስፌት ሜትሬ ለካሁ። እሱ ሳቀብኝ። ሁለታችንም ደህና ነው ብለን ቡሎኑን አጥብቀን ጨረስን።

ከላይ መስኮቱ ተከፈተ። "ዝቅ ብሏል" የሚል ድምፅ መጣ። መስኮቱ ተዘጋ።

ለካ ያያል! ፈትተን አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አደረግነው። ትክክል ነበር፣ ግን አልነገርኩትም። ነገር ሲፈልግ ቆይቶ አገኘ እንጂ ሌላ ምን አለው።

ማክሰኞ 11

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ፊውዝ "ወፍራሙ ኬብል እስኪመጣ ዓርብ ድረስ ጠብቂ" ብሎኝ ነበር። ማክሰኞ ላይ ምን አስቸኮለኝ? መዞሩን ብቻ ልይ ብዬ ዊንቹን የተሳቢው መብራት ሽቦ ላይ አገናኘሁት። ዞረ። ደስ አለኝ። ከዚያ ጨሰ። ሽቦው እንደ ሻማ ቀለጠ፣ ፍሬቻውም የፍሬን መብራቱም አብረው ጠፉ።

ማን ጠይቆኝ! ማን "አንቺ ሞክሪው" ብሎኝ! የወንበር ልብስ ሰፊ ነኝ እኔ፣ ምን ከእሳት ጋር አገናኘኝ!

መስኮቱ ተከፈተ።

"ምን ይሸታል?"

"ጥብስ" አልኩት።

"ምን ጥብስ?"

"የፒክአፕህ።"

ድምፅ ሰማሁ። መጀመሪያ አመመው ብዬ ደረጃውን ግማሽ ድረስ ሮጥኩ። እየሳቀ ነበር። ከወደቀ ጀምሮ የመጀመሪያው ነው። ሽቦው ይቃጠል፣ ፍሬቻውም ይጥፋ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ዓርብ 14

ኬብሉ ገባ፤ ፊውዝ ያቃጠልኩትን የመብራት ሽቦም ቀየረልኝ። እንደ አውራ ጣት የወፈረ፣ ሁለት፣ አንዱ ቀይ አንዱ ጥቁር። ከኮፈኑ ሥር ከባትሪው ተነስተው በሻንሲው፣ በመኪናው የብረት አጽም፣ ሥር አልፈው እስከ ፒክአፑ ጅራት ይደርሳሉ፤ እዚያ ሶኬት አለ፣ የተሳቢው ኬብል የሚሰካበት። ባትሪው አጠገብ ትልቅ ፊውዝ ገባ፣ ነገር ከተበላሸ እሱ ቀድሞ እንዲቃጠል። ያው እንደ ሰውዬው።

"ጥቁሩን ለምን እስከ ባትሪው እንወስደዋለን? ሻንሲው ላይ ብናስረው አይበቃም?" ብዬ ጠየቅኩት። ቃላት መልቀም ጀምሬያለሁ።

"ዝገት አይታመንም፣ እትዬ። በደረቅ ቀን ይሠራል፣ በእርጥብ ቀን ይከዳሻል። አንቺ ደግሞ የምትፈልጊው በእርጥቡ ቀን ነው።"

እኔም የድርሻዬን አደረግኩ። ከተረፈኝ የወንበር ቆዳ ለኬብሎቹ እጅጌ ሰፋሁላቸው፣ ብረት እንዳይልጣቸው። ፊውዝ ሲዳስሰው ቆየና ለሌላ መኪናም ስፊልኝ አለኝ።

ካፒቴን ዛሬ ምሳውን ጨረሰ። ስለ ኬብሉ አልጠየቀም።

እሑድ 16

ይህ ፊውዝ የሚባል ልጅ ወርቅ ነው። ጠዋት ፒክአፑ ሥር ገብቼ ሳይ፣ እኛ ኬብሉን ከጭስ ማውጫው አጠገብ ነበር ያሳለፍነው፤ ቢግል የሰፋሁትን ቆዳ ይጠብሰው ነበር። ለካ ተመልሶ መጥቶ አርቆት፣ በየስንዝሩ በቀጭን ገመድ አስሮታል። ቋጠሮው ደግሞ ሲያምር! ሲጎትቱት ይጠብቃል፣ ጫፉን ሲስቡት ይፈታል። በእሑድ ቀን ማን ለሰው እንዲህ ይለፋል? ከበሩ ላይ ሆኜ ጮክ ብዬ አመሰገንኩት። ግራ ገብቶት እጁን አወዛወዘልኝ።

የካፒቴን የፒጃማ እጅጌ ጥላሸት ነክቶታል። አልጋ ላይ ተኝቶ ጥላሸት ከየት ያመጣል ይህ ሰው? አጠብኩለት፣ እየተቆጣሁ።

ማክሰኞ 18

ሱቅ ቆሜ ከኋላዬ ሁለት ጀልበኞች ሲያወሩ ሰማሁ። "ካፒቴንን ሚስቱ በቁልፍ ልትነዳው ነው አሉ።" "ታዲያ እስከዛሬ በምን ነበር የምትነዳው?" ተሳሳቁ። ዞር አልኩና "በዓይኔ" አልኳቸው። ሁለቱም የሚገዙትን ረሱ።

እቤት ስገባ ግን ሆዴ ባባ። እሱም ሰምቶ ይሆናል። መስኮቱ ወደ መንገዱ ነው።

ልጄ ደወለች። "ትፈሪያለሽ እንዴ እማዬ?" አለችኝ። ምን ያስፈራኛል፣ ጀልባ እኮ ናት አልኳት። "ስለ ጀልባዋ አይደለም የጠየቅኩሽ" አለች። መስመሩ ይቆራረጣል ብዬ ዘጋሁት።

ሐሙስ 20

የዊንቹ መቆጣጠሪያ ሁለት ቁልፍ አለው፤ አጠገባቸው በባዕድ ፊደል የተጻፈው ሊጠፋ ደርሷል። ፊውዝ አንደኛው "ግባ" ነው፣ ሁለተኛው "ውጣ" ነው አለኝ። እኔም በነጭ ጨርቅ ላይ በጥቁር ክር አሳምሬ ጠልፌ ለጠፍኩባቸው፦ መግቢያ፣ መውጫ። ማንም እንዳይሳሳት።

ካፒቴን ከአልጋው ተነስቶ ወጣና አነበበው። "ሲኒማ ቤት ነው?" አለ። ቢሆንም ከቤት ወጥቶ ነው ያነበበው። ጫማ አድርጎ!

ነገ ነፋሱ ይበረታል አሉ። ቅዳሜ እንሞክራለን።

ቅዳሜ 22

ደህና ነው። ደህና ነው። መጀመሪያ ይህን ልጻፍ። ሐኪሙ ጋ ሄደን መጣን፣ ደህና ነው።

ሌላውን ነገ።

እሑድ 23

አሁን ልጽፈው እችላለሁ። እሱ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ብርቱካን እየላጠ ነው።

ትናንት ፒክአፑን ፊውዝ ወደ ኋላ ነድቶ ተሳቢውን በሲሚንቶው ቁልቁለት ወደ ውሃው አወረደው። ሁሉን እንደተማርኩት አደረግኩ። ከጎማው ሥር ድንጋይ አስገባሁ። የመብራቱን ሶኬት ነቀልኩ፣ የጋለ አምፖል ቀዝቃዛ ውሃ ከነካው ይፈነዳልና። ሞተሩ እንደተነሳ እንዲቆይ አደረግኩ፣ ባትሪው እንዳይደክም። ጀልባዋን አባባ ቀድመው በሰው አስገፍተው ውሃ ላይ አቆይተውልን ነበር። ካፒቴን ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ከዚያ ንቅንቅ እንዳይል አስምዬዋለሁ። ጀልበኛው ሁሉ ሥራውን ትቶ ለትዕይንት ቆሟል።

ፊውዝ ውሃ ውስጥ ገብቶ መንጠቆውን ከጀልባዋ ቀለበት ላይ አደረገ። እኔ ተጫንኩ። ዊንቹ አጓራ፣ ገመዱ ተወጠረ፣ አፍንጫዋ ብቅ አለች። ግማሽ አካሏ ተሳቢው ላይ ወጣ። ትንሽ ትረፍ ብዬ እጄን አነሳሁ። ያኔ ትልቅ ማዕበል ከኋላዋ መጣ።

ካፒቴን ከድንጋዩ ላይ "አውጪ!" ብሎ ጮኸ።

መውጫን ተጫንኩ።

ጀልባዋ ወደ ኋላ ተንሸራተተች።

"አውጪ! አውጪያት እንጂ!"

አጥብቄ ተጫንኩ። እሱ በጮኸ ቁጥር እኔ አጠብቃለሁ፣ እኔ ባጠበቅኩ ቁጥር እሷ ትሄዳለች። ገመዱ ላላ፣ ማዕበሉ ጎኗን ይዞ አዞራት፣ ከድንጋዩ ጋር ስትፋተግ ጥርሴን አንቀጨቀጨኝ። ከዚያ ካፒቴን ከተቀመጠበት የለም። ውሃው ውስጥ ነው። የጀልባዋን የድሮ ገመድ በሁለት እጁ ይዞ ወደ ኋላ ተንጋሏል፣ እንደ ድሮው።

ጮህኩ። ምን ብዬ እንደጮህኩ አላውቅም። አባባ በብብቱ ሥር ገብተው ከገመዱ አላቀቁት፣ ፊውዝ መቆጣጠሪያውን ከእጄ ነጥቆ ሌላኛውን ቁልፍ ተጫነ። ጀልባዋ አንድም ነገር እንዳልተፈጠረ ሁሉ ቀጥ ብላ መጣችና ተሳቢው ላይ ተቀመጠች። ካፒቴን ደግሞ ውሃው ውስጥ ተቀመጠ። ፊቱ አመድ መሰለ።

ሐኪሙ ደረቱን አዳምጦ ሲጨርስ "ልባቸው ምንም አልሆነ። ደንግጠዋል። ማነው ያስደነገጣቸው?" አለ።

"እኔ ነኝ።"

"ሁለተኛ አያስደንግጧቸው" አለኝ።

ሌሊቱን ሙሉ አሰብኩ። እኔ ነኝ ልገድለው የነበርኩት፣ እኔ በዊንቼ። ቢሸጣት ኖሮ ይሻል ነበር እያልኩ ነጋልኝ። ጠዋት ቁርስ ይዤ ስገባ ፊቱ ወደ ግድግዳው አይደለም። ወደ በሩ ነው።

"እስቲ ቁጭ በይ" አለኝ። "ምን ነበር ያልኩሽ?"

"አውጪ አልከኝ።"

"ምን ተጫንሽ?"

"መውጫ።"

ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቁ ሲበዛ ውሃ አቀረብኩለት፣ ሐኪሙ ሳቅ ይከለክል እንደሆነ አልጠየቅኩምና።

"አየሽ፣ ቁልፉ የሚያወራው ስለ ገመዱ ነው። ገመዱ ከዊንቹ ሲወጣ ጀልባዋ ውሃ ትገባለች። ገመዱ ሲገባ ጀልባዋ ትወጣለች። እኔ በጀልባዋ አፍ ጮህኩ፣ አንቺ በገመዱ ጆሮ ሰማሽ።"

ራሴን ያዝኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ሐይቅ ዳር ኖሬ ማውጣት ማለት ከውሃ ማውጣት መሆኑን አጣሁት? አላጣሁትም። ግን የገዛ ጥልፌን አመንኩ።

"ታዲያ ጥፋቱ የማነው?"

"የተርጓሚው።"

"ተርጓሚዋ እኔ ነኝ።"

"እንግዲያው ያንቺ ነው" አለና ብርቱካን ሰጠኝ። ደግሞ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ስትጮኺ ሰማሁሽ" አለ።

"ምን አልኩ?"

"'ጀልባዋ ትሰበር!' አልሽ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። 'ትሰበር፣ ልቀቃት፣ ትሰበር!'"

"አላልኩም።"

"ብለሻል። ገመዱን ያስለቀቁኝ እኮ አባባ አይደሉም።"

አላስታውስም ብዬ ሳህኑን ይዤ ወጣሁ።

ሰኞ 24

ገዢው ወሩ ሳያልቅ መጣ። የቅዳሜውን ሰምቶ ነው፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ማዶ ሳይቀር ደርሷል። ግቢያችን ቆሞ የጀልባዋን ጭረት በጣቱ ይዳስሳል። "ማሽኑ አልሆነም አሉ። ዛሬ ልውሰዳት ብዬ ነው" አለኝ።

ባለቤቱን ጠይቅ አልኩት። ካፒቴንን ልለምነው ፈልጌ ነበር፣ ግን ለየትኛው ልለምን? እንዲሸጥ ነው ወይስ እንዳይሸጥ? አፌን ዘጋሁ።

ካፒቴን ወጣ። ፒጃማ የለም። ሱሪ፣ ሸሚዝ፣ ያ የተጨማደደ ኮፍያው።

"ማሽኑ ሆኗል" አለ። "ያልሆነው ፊደሉ ነው።"

"ምን ማለት?"

"ጀልባዋ ሥራ አላት ማለት ነው። በሰላም ግባ።"

ሰውዬው አንዴ እሱን አንዴ እኔን አይቶ፣ ዓይኔ ውስጥ ምን እንዳየ እንጃ፣ እግሬ አውጪኝ ብሎ ሄደ። እፎይ ማለት ምን እንደሆነ ረስቼው ነበር። ተሳቢው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

ካፒቴን መቆጣጠሪያውን አንስቶ ጥልፌን በጥፍሩ ላጠው። ምን እንጻፍበት ተባባልን። እኔ "ሳብ" እና "ልቀቅ" ይሁን አልኩ።

"ማሽኑን ምን አግብቶን ነው የምናዘው?" አለ። "የምትመጣው እሷ፣ የምትሄደው እሷ።"

የጥፍር ቀለሜን አስመጣኝ። በአንደኛው ቁልፍ "ነይ" ብሎ ጻፈ፣ በሌላኛው "ሂጂ"። ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ፣ እንደ ተማሪ።

"ደግሞም" አለ፣ ቀና ሳይል፣ "ኬብሉን ከጭስ ማውጫው ያራቅኩት እኔ ነኝ። ሳምንት ሙሉ ፊውዝን ስታመሰግኚ በመስኮት እየሰማሁ አንጀቴ አረረ። ያ ልጅ እንኳን እንዲህ ያለ ቋጠሮ፣ የጫማውን ክር ማሰር አይችልም።"

ያ ጥላሸት! አሁን ገባኝ። በዚያ ልቡ መኪና ሥር ገብቶ! ልቆጣው አፌን ከፈትኩና ሳቅ ቀደመኝ።

ረቡዕ 26

ሁለተኛ ሙከራ። መቆጣጠሪያው ካፒቴን እጅ ነው። እኔ መንጠቆውን ይዤ እስከ ጉልበቴ ውሃ ውስጥ፣ ፊውዝ መሪው ላይ። ተመልካች አልጠፋም።

"ነይ" አለና ተጫነ። በአፉ ጭምር ነው የሚላት። ማዕበል ሲመጣ ቆም፣ ሲያልፍ "ነይ፣ ነይ የኔ እመቤት"። መጣች። አፍንጫዋ ዊንቹ ፊት ደርሳ ስትቆም ማንም አላጨበጨበም፣ ማንም አልሳቀም። አባባ ብቻ "እኛ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን ነበር የምንጮኸው?" አሉ።

ካፒቴን ግን ደስ ያለው አልመሰለኝም። ወደ ቤት ስንመለስ መዳፉን ጭኑ ላይ እያሸ "ምንም አልደከመኝም" አለ። ቅሬታ ነበረበት።

"ታዲያ ደከመኝ ማለት አማረህ?"

"ሥራ ሲያልቅ ሰው መድከም አለበት።"

"ማዶ ደርሶ መልስ ሞተሩ አያደክምም? ቀኑን ሙሉ ፀሐዩ አያደክምም? እንደ ሌላው ሰው ድከም" አልኩት። መስኮቱን አወረደና ያፏጭ ጀመር።

ዓርብ 28

አባባ "እንዴት አደርሽ፣ አውጪ!" ይሉኝ ጀመር። ስም ወጣልኝ። ከጀልበኞቹ አንዱ፣ ያ ሱቅ ጋ የሳቀው፣ ፊውዝን ለብቻው ጠርቶ ለእኔስ አይሆንም ወይ ብሎታል። ፊውዝም የቆዳውን እጅጌ የምትሰፋው እትዬ ናት፣ እሷን ለምናት አለው። ይለምነኝ። አላስቸግረውም፣ ግን ይለምነኝ።

ሌሊት አንዴ ብቻ ነቃሁ። ፍራሹን ልለምደው ነው መሰለኝ።

እሑድ 30

ዛሬ ብቻውን ሄደ።

"አንቺ አትምጪ" አለኝ ጠዋት። "ቆመሽ ካየሽኝ እጄን አላውቀውም።" እሺ አልኩ። ለማዶ ጤና ጣቢያ ነርሶችና መድኃኒት ይዞ ነው የሄደው፤ ከወደቀ ወዲህ የመጀመሪያው መንገደኛ። ፒክአፑን ከነተሳቢው ውሃው ዳር አቁሞ፣ ማታ ራሱ አውጥቶ፣ ራሱ ጭኖ ሊመጣ።

እስከ ምሳ ድረስ ጥሩ ሴት ነበርኩ። ከምሳ በኋላ ነፋሱ ተነሳ። መጀመሪያ የተሰጣውን ልብስ፣ ቀጥሎ የጎረቤትን ቆርቆሮ አነሳ። የወንበር መደገፊያውን ከመቀመጫው ጋር አጣብቄ ሰፋሁት፤ ፈታሁት፤ እንደገና እንደዚያው ሰፋሁት። ጫማዬን አደረግኩ፣ አወለቅኩ። ብሄድ ምን ይለኛል? ባልሄድስ ማን ይነግረኛል? ፊውዝ የረሳው ሽቦ ቢኖር፣ የሆነ ሶኬት ቢረጥብ፣ ባትሪው ቢደክም፣ ጀልባዋ ግማሽ መንገድ ላይ ብትቆም፣ ያ ሰው ገመዱን ያየዋል። ለዛሬ ብቻ ይላል። አውቀዋለሁ።

መሸ። በሩ ላይ ቆምኩ። መንገዱ ላይ ተሳቢ ሲመጣ አውቃለሁ፤ ባዶ ከሆነ በየጉድጓዱ ይንኳኳል፣ ከተጫነ ዝም ብሎ ነው የሚመጣው። የፒክአፑ መብራት ታጠፈ። ጆሮዬን ጣልኩ። ከኋላው ድምፅ የለም። ጭኗታል። ግን በምን ጫናት?

ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። እስከ ጉልበቱ ረጥቧል፣ ኮፍያው የለም፣ ነፋስ ወስዶታል። እንደምን አመሸሽ አላለኝም። ወደ እኔ መጣና ከበሩ መብራት ሥር ሁለት መዳፉን ዘርግቶ አሳየኝ።

"እይ" አለ።

ጨርቅ እንደምመረምር ያዝኩት፣ ወደ ብርሃኑ አዞርኩት፣ በአውራ ጣቴ ሄድኩበት። ገመድ የተወው መስመር የለም። መላጥ የለም፣ ቅላት የለም። ሞቃት፣ ደረቅ መዳፍ ነው። እንባዬ በላዩ ሲወርድ ነው ማልቀሴን ያወቅኩት።

"ፈርተሽ ነበር እንዴ?" አለኝ፣ ደንግጦ።

"ወሩን ሙሉ" አልኩት።